ጋሽ ዘርጋው የሰሙት ጥናት

1.
«...በጥናት የተረጋገጠ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣ በእጃቸው ንፍሮ እንደያዙ። «ባሏ የሞተባት ሴት ስድስት ወር አትዘልቅም።»

ይህ የተነገረው በአባቴ ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ጋሽ ዘርጋው የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ እናቴ፣ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

2.
እናቴ የያዘችውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰች።

3.
በማግስቱ እማዬ ጋቢዋን ለጎረቤታችን ለእትዬ ማንያህልሻል ሰጠች። ቀጥሎ ትልቁን ድስት። ከዚያ መድኃኒቷን አቆመች።

«የደም ግፊት ኪኒንሽስ?»

«ለስድስት ወር ምን ያደርግልኛል? ጥናት ነው እኮ።»

4.
አንባቢዎች ሆይ፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ጥናት ማንበብ የተማርኩት ለቅሶ ተቀምጬ፣ በስልኬ ነው። እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

ማን ተጠና?

ከማን ጋር ተነጻጸረ?

አጥኚው ራሱ ያለው ይህንኑ ነው?

5.
እኔ፦ ጋሽ ዘርጋው፣ ጥናቱን የት አገኙት?

እሳቸው፦ በሬዲዮ ሰማሁት።

እኔ፦ እስከ መጨረሻው?

እሳቸው፦ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። መውረጃዬ ደረሰ።

6.
ፈልጌ አገኘሁት፤ ወይም እሱን የሚመስል። አገሩ ሩቅ ነው። የተጠኑት ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ናቸው። «አደጋው ሊጨምር ይችላል» ይላል እንጂ «አትዘልቅም» አይልም። ደግሞ ሚስት በሞተችባቸው ወንዶች ላይ ይብሳል ይላል።

እናቴ ብቻዋን መሆን አማራት እንጂ አላገኘችም። የእድር ሴቶች በተራ አብረዋት ያድራሉ። አንዷ ታንኮራፋለች።

7.
እማዬን ግን የሩቅ አገር ሰው አላሳመናትም። ስለዚህ የራሴን ጥናት አካሄድኩ። በእድራችን ባል የሞተባቸውን ሴቶች ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅሁ። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ አንዷም አልሞተችም!»

ከፍራሹ ላይ ቀና አለች።

«የሞቱትንስ ማን ጠየቃቸው?»

«እ?»

«በር የከፈቱልሽ በሕይወት ያሉት ናቸዋ! ወይ አንቺ ልጅ! ቁርጥ አባትሽን።»

ሳቀች።

አባዬ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የምታንኮራፋዋ ሴት ነቃች።

8.
ሳቋ ሳያልቅ በወንዶቹ ላይ ይብሳል የሚለውን ነገርኳት። የጋሽ ዘርጋው ሚስት ከሞተች ቆይቷል።

«ለእሱ እንዳትነግሪው» አለች እማዬ። «ያምናል።»

ትንሽ አሰበች።

«ነገ ምሳ እዚህ ይብላ በይው። ደግሞ ጋቢዬን ከማንያህልሻል ቤት አምጪልኝ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው።»

«ኪኒኑስ?»

«ኪኒን ያለ ውኃ በምን ይዋጣል?»

ውኃ ላመጣ ተነሳሁ።

9.
ስድስት ወር ሲያልፍ የሚጻፍ ውጤት (እስከዚያ ባዶ ነው)፦

እማዬ 

ጋሽ ዘርጋው