ለውበት የተሰረዘ መንገድ

አርባ የገበያ ሴቶች የሄዱበትን መንገድ በጂፒኤስ የሚመዘግብ ስልክ ሰጥቻቸው ለአንድ ወር ተመላለሱ፤ እኔም እርምጃቸውን ወደ ብርሃን መስመር ቀየርኩት። ካርታዬን ባሳየሁበት አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ የሶዶ ከተማ መንገዶች አንድ በአንድ ሲበሩ ታዳሚው አጨበጨበ።

ከአርባዎቹ አንዷ፣ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ጣፈጠች ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«የኔ መስመር የታለ?»

«ይሄው፣ በአስፋልቱ።»

«አስፋልቱን መቼ ረግጬ አውቃለሁ? እኔ በእንሰቱ መሃል ነው የማቋርጠው። የሰፈራችን ሴት ሁሉ በዚያ ነው።»

የከተማ ፕላን ባለሙያው ሀብታሙ ወደ እኔ ዞረ።

«በዚያ የሚሄድ ሰው የለም ብለን አጥር እንዲታጠር የወሰንነው ያንቺን ካርታ አይተን ነው። መረጃው ምን ይላል?»

መረጃው የሚለውን አውቅ ነበር። በእንሰቱ መሃል የሚጠማዘዙት መስመሮች የተወሳሰበ ክር ይመስሉ ነበር። ቅርጹን ስላበላሹብኝ የጂፒኤስ ስህተት ናቸው ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ወደ አስፋልቱ ጎተትኳቸው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዲያምር።»

«ዋናው መረጃስ አለሽ?»

«የለኝም፤ በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

እትዬ ጣፈጠች ሳቁ።

«እግሬ አያምርም ማለትሽ ነው?»

ሰው ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ሀብታሙ አልሳቀም፤ አዲስ መረጃ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ አጥሩ እንደሚታጠር ነገረኝ።

እትዬ ጣፈጠች ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ ስልኩን አምጪው። ነገ ገበያ ነው፤ እሄድበታለሁ።»