ቅጠል ምን ያደርጋል

ስኒው ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ተፈረካከሰና ቡናው ሰፈሩ «ሬዲዮ» በሚላት ጎረቤት ሻርፕ ላይ ተረጨ። ስብርባሪው ጆሮዋን የሳታት ለጥቂት ነው።

«ድገሚው!» አለች የሚጣ እናት ከፍራሹ ላይ ዘላ ተነሥታ። «እስቲ ያልሽውን ድገሚው! ምላስሽን ከሥሩ ባልነቅለው እኔ ሴት አይደለሁም!»

ሬዲዮ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ ይዛ ማደር የማይሆንላት፣ አፏ ከልቧ የሚቀድምባት ሴት ናት እንጂ። አጠገቧ ለተቀመጠችው በጆሮዋ ያለቻት ይህችን ብቻ ነበር፦ «ኧረ ቅጠል ምን ያደርጋል? ልጁን የገደለው ብረት ነው።» ውሸት አልተናገረችም። ለቅሶ ቤት ግን እውነት ሁሉ አፍ ላይ ስለመጣ ብቻ አይነገርም።

ሴቶቹ ተረባርበው የሚጣን እናት አስቀመጧት። አንዷ «ፊትሽን በውኃ ላብስልሽ» ስትላት እጇን መነጨቀቻት። ባሏ ከበሩ ሥር ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሥጋ ቆራጭ ነው፤ የበሬ ጎድን ትከሻው ላይ ጥሎ እየቀለደ የሚሄድ ሰው። አሁን ሚስቱ ስትጮህ ቀና እንኳ አላለም። ሁለት እጆቹን ጭኖቹ መሐል ቀብሮ መሬት መሬት ያያል። እነዚያ እጆች ምን እንደሠሩ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል፤ የሚያነሣው ግን የለም።

የሞተው ታናሽ ወንድሟ ነው። ጎማ ጠጋኝ ስለነበር ትልቅ ትንሹ «ጎሚስታው» ይለው ነበር። የሚጣ እናት ጠዋት ጠዋት ሐኪም ቤት ከተኛችው ልጇ አልጋ ሥር ትቆማለች፤ ከሰዓት ሕፃኗን ለአማቷ ትታ ለወንድሟ ለቅሶ ትቀመጣለች። ለሁለቱም የሚበቃ እንባ ይኖራታል ብሎ ሰው ሁሉ ቢጠብቅም አንዲት ጠብታ አልወጣትም። በእንባዋ ፈንታ ስኒ ትወረውራለች።

ጎሚስታው ሲያዩት አስፈሪ ነበር፤ እጁ ግሪስ የጠጣ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ። ሲያወራ ግን በሣቅ ሆድ ያስይዛል። እህቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናትና ደንበኛ ሲያስቸግረው፣ «ተው፣ እህቴ ተኳሽ ናት፤ አንድ ቃል ብነግራት አለቀልህ!» ይላል። የሚጣ ነገር ሲነሣ ደግሞ፣ «የዚህች ልጅ ጥፋት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወሬ የላትም። ሰፈራችን ደግሞ ያለ ወሬ የሚኖር ሰው አይቶ ስለማያውቅ ደነገጠ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ሚጣ አትናገርም። ሐኪሞች ኦቲዝም ነው ብለዋል። ሰው ድንገት ሲነካት ትጮኻለች፤ የልብስ አንገትጌ ሲያሳክካት ልብሱን ከላይዋ ትቀድዳለች፤ ጩኸቷ አንዴ ከተነሣ እናት አባት አያበርደውም። የሚያበርደው የአጎቷ ጎማ ነበር። ጎሚስታው የከባድ መኪና ጎማ መሬት ላይ ያጋድምላታል፤ እሷ ውስጡ ትጠቀለላለች፤ ጎማው ዙሪያዋን ጭምቅ አድርጎ ሲይዛት ጸጥ ትላለች። እሱም ሥራውን ትቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ደንበኛ ቢጮህ፣ መኪና ጥሩንባ ቢነፋ ጉዳዩ አልነበረም።

ከጎማ ቤቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ሰው ሱቅ ከፈተ። የቅጠል ዱቄት በብልቃጥ እየሞላ የሚሸጥ፣ ነጭ ጋዋን የሚለብስ ሰው ነው። ዶክተርነቱን የሰጠው ሰፈሩ ነው፤ «ዶክተር ቅጠል» ብሎ። ጎሚስታው አንድ ቀን ከእሱ ዘንድ አረንጓዴ ዱቄት ይዞ እህቱ ቤት ሮጦ ገባ።

«እታለም፣ ትናገራለች አለኝ!»

«ማን?»

«ሚጣ ናታ! እንደሷ ያሉ ልጆች በዚህ ተናግረዋል አለኝ።»

«የምን ቅጠል እንደሆነ ሳናውቅ?»

«ቅጠል ምን ያደርጋል እታለም? ሰላጣም ቅጠል ነው። ኬሚካል የለበትም።»

ትናገራለች የሚል ቃል የሚጣን እናት ምን እንዳደረጋት የሚያውቅ፣ ልጁ «እማዬ» ብሎ ያልጠራው ሰው ብቻ ነው። ዱቄቱን በማር አሽታ በገዛ እጇ አጎረሰቻት።

መጀመሪያ የሚጣ ዓይን ጭስ እንደገባበት ቀላ። ቀጥሎ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ቀያይ ነገር ወጣ። ልጅቷ ልብሷን እየቀደደች ጮኸች። ሚጣ ልብሷን ብትቀድድ ማን ይደነግጣል? ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስትቀድድ ነው የኖረችው። ስለ ቅላቱ ግን ዶክተር ቅጠልን ጠየቁት። «ጥሩ ምልክት ነው! በሽታው ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። መጠኑን ጨምሩላት» አላቸው። ጨመሩላት። ጩኸቱ ሲብስ ጎሚስታው ይዟት ወደ ጎማ ቤቱ ሄደ፤ እንደ ወትሮው ጎማው ውስጥ ጠቀለላት። ጸጥ አላለችም። ደንግጦ ሲያወጣት የጀርባዋ ቆዳ ጎማው ላይ ቀረ።

ሐኪሟ፣ «አለርጂ ነው» አለቻቸው። «ይህንኑ ወስዶ ምንም የማይሆን ልጅ ይኖራል፤ የእሷ ሰውነት ግን ተቆጣ። ገና ቀይ ነገር ስታዩ አቁማችሁ ብታመጧት እዚህ ባልደረሰ። የማይናገር ልጅ ሲያመው በጠባዩ ነው የሚናገረው። ጠባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት።»

የሚጣ አባት ሐኪሟ ንግግሯን እስክትጨርስ አልጠበቀም። ጎሚስታውን ኮሪደሩ ላይ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ በቡጢ አፍንጫውን፣ ጥርሱን፣ ያገኘውን መታው። ጎሚስታው ቢፈልግ አንሥቶ ይጥለው ነበር። እጁን እንኳ አላነሣም። ደሙ አገጩ ላይ እየወረደ እህቱን ብቻ ያያታል።

«እታለም…»

«እታለም አትበለኝ! ሞትህን ያሰማኝ! ሰውየው ሱቁ ተቀምጦ እየሸጠ አንተ እዚህ ታለቅስብኛለህ? ሞትህን ያሰማኝ!»

ይህ እርግማን በየቤቱ ሳህን በሰበረ ልጅ ላይ ሁሉ ይወርዳል፤ ሰማይም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። የዚያን ዕለት ቆጠረው። ጎሚስታው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ጎማ ቤቱ ገባ፤ የጎማ ማውለቂያውን ብረት አንሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አደቀቃቸው። በግብግቡ መሐል ዶክተር ቅጠል ብረቱን ነጥቆ አናቱን አለው። መርዶው እህቱን ያገኛት እዚያው ኮሪደር ላይ፣ የደሙ ጠብታ ከወለሉ ሳይታጠብ ነው።

ስኒው በተሰበረ ማግስት ሬዲዮ፣ እንደምንም ሻርፗን አጥባ፣ ወደ ለቅሶው ተመለሰች። የምትወደውን ሰው ይቅርታ የምትጠይቀው በወሬ ነው፤ ከሚጣ እናት ጎን ተለጥፋ አጠገቧ አጎነበሰች።

«እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ፤ አፌን ይቁረጠው። ያ ሰውዬ ጣቢያ ሆኖ ምን እንደሚል ሰማሽ? ‹መድኃኒቴ ንጹሕ ነው፤ ለገዛ ልጄም እሰጣለሁ፤ ሄዳችሁ እዩት› እያለ ነው አሉ።»

«ልጅ አለው?»

«አንድ ወንድ ልጅ። ነፍሱ ነው ይላሉ። እናቱ ሱቁ ውስጥ ይዛው ትውላለች አሉ።»

የሚጣ እናት ተነሥታ ባሏን በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

«ልጅ አለው አሉ።»

«ማን?»

«እሱ የምወደውን አሳጥቶኛል። እሱም የሚወደውን ይጣ።»

ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ወንድሜን ስትቀጠቅጥ እጅ ነበረህ። አሁን የት ሄደ?»

«በቃኝ» አለ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ካራ አልነካሁም። ፊቱን አልተከላከለም እኮ… ለምን አልተከላከለም? እኔ ደም በቃኝ።»

«እንግዲያው እኔ እጅ አለኝ» አለችው። ከሥራ ከረጢቱ ሥጋ መቁረጫ ካራውን መዝዛ ጥቁር ሻርፗ ውስጥ ጠቀለለችው። ሊይዛት ሲል በክርኗ ደረቱን መትታው በጓሮ በር ወጣች።

የሱቁ ቆርቆሮ መዝጊያ በግማሽ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ ስትገባ የብልቃጥ ስብርባሪ ከጫማዋ ሥር ተንኮሻኮሸ። መደርደሪያው ተገንጥሏል፤ አረንጓዴው ዱቄት ወለሉ ላይ ፈስሷል። ከውስጥ፣ በርጩማ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ በአንድ እጇ ኩባያ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች። ከፊት ለፊቷ ወፍራም ሹራብ የለበሰ ልጅ ቆሟል።

ሴትየዋ የመጣችውን ሴት ጥቁር ልብስ አየች፤ ፊቷን አየች፤ ማን እንደሆነች ገባት። ልጁን ወደ ኋላዋ ሳበችው።

«እህቴ… እኔን ግደይኝ። እኔን። እሱ ምንም አያውቅም።»

የሚጣ እናት ካራውን ከሻርፑ ፈታችው። ልጁን አየችው፤ ልጁ ግን አላያትም። ጣቶቹን ዓይኑ ፊት እያወዛወዘ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ይህን ማንጎራጎር ታውቀዋለች፤ ቤቷ ውስጥ ስንት ዓመት የኖረ ድምፅ ነው። ሰውየው እንደ ሚጣ ያሉ ልጆችን ከየት እንዳወቃቸው ያን ጊዜ ገባት። አላዘነችለትም።

ከዚያ ዓይኖቹን አየች። ጭስ እንደገባባቸው ቀልተዋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንገቱ ላይ፣ ከሹራቡ አንገትጌ በላይ፣ ቀያይ ነገር ወጥቷል።

«መቼ ነው የጀመርሽለት?» አለች።

«እሱ ከታሰረ ወዲህ ነው» አለች ሴትየዋ እየተርበተበተች። «ለፖሊስ ለልጄም እሰጣለሁ ብሏላ! ቃሉ ውሸት እንዳይሆንበት አላቋርጥም። ሰው እንዲያየው ብዬ ጠዋት ማታ…»

የሚጣ እናት ካራውን ዝቅ አደረገች። ካራ ምን ያደርግላታል? ዝም ብላ ቤቷ መሄድ ብቻ ነው ያለባት። አባትየው ያቦካውን እናትየው ታጎርሰዋለች፤ ማንም ጣቱን የማይቀስርባት በቀል ነው። ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማት፤ እውነቱን እንናገር፣ ደስታ ነበር። ፊቷን አዞረችና ወደ በሩ ሄደች። ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋ አንድ እግሯን አሳለፈች።

ከኋላዋ ልጁ ጮኸ። ዞር ስትል የሹራቡን አንገትጌ በሁለት እጁ ይዞ እየጎተተ ነው። እናቱ እጆቹን ልታስለቅቀው ትታገለዋለች።

«ጠባዩ ነው» አለች ሴትየዋ፣ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ። «ልብስ አይወድም።»

የሚጣ እናት እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። ኩባያውን በጥፊ ከሴትየዋ እጅ አስፈነጠረችው፤ በዚያው እጅ ጉንጯን አጮለቻት፤ ፀጉሯን ጨምድዳ ፊቷን ከልጁ ፊት ጋር አጋጠመችው።

«ጠባዩ አይደለም! እዪው! ዓይኑን እዪ! ከንፈሩን እዪ! እየነገረሽ ነው፤ አንቺ ደንቆሮ፣ እየነገረሽ ነው! ቆዳው እጅሽ ላይ እስኪቀር ነው የምትጠብቂው?»

ሹራቡን በአንገቱ ላውልቅ ብትል ቆዳውን እንደሚገፈው ታውቃለች። ካራውን ከአንገትጌው ሥር አስገብታ፣ ስለቱን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ሹራቡን እስከ ታች ሰነጠቀችው። እናትየው ዓይኗን ጨፍና የሞት ጩኸት ጮኸች። ሹራቡ ለሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ ቀዩ ነገር ደረቱን አዳርሶ ታየ፤ ገና ውኃ አልቋጠረም።

«ተነሺ!» አለቻት። «ዱቄቱንም ያዢ፤ ለሐኪሟ እናሳያታለን። ተነሺ አልኩሽ እኮ!» ካራውን ስብርባሪው መሐል ጥላ መንገዱ ላይ ወጣች፤ የሚያልፈውን ታክሲ ፊቱ ቆማ አስቆመችው። ሾፌሩ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ፊቷን አየና ተወው።

ከኋላ ወንበር ላይ ሦስቱ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ልጁ ራቁት ደረቱን ሊቧጭር ይታገላል። እናቱ ሁለት እጆቹን ይዛለች፤ ጉንጯ ላይ ጣት በጣት ሆኖ የጥፊው ምልክት ወጥቷል።

«ምኑን ልሻሸው?» አለች። «የቱ ጋ ልንካው?»

«አትንኪው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

የሚጣ እናት ጎንበስ አለችና የልጁ አንገት ላይ፣ ቀዩ ነገር በበዛበት በኩል፣ ቀስ ብላ እፍ አለችበት። ልጁ ትንፋሹን ያዘ። እንደገና እፍ አለችበት። ለወንድሟ ያልወጣው እንባ የመጣባት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኗን ሞልቶ አገጯ ላይ ወረደ። ጨውነቱ የተላጠ ቆዳ እንዳያቃጥል ፊቷን መለስ አድርጋ በክንዷ ጠረገችውና፣ ተመልሳ እፍ አለችበት።