የላስቲኳ ፈተና

"ጉልበትሽ ተመልሶ ወደ ኋላ ሄደ" አለች ናዝሬት።

ሙቢና ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች። የቆመችበት ማሽን ከእግሯ ሥር እየተንቀጠቀጠ ጥርሷን ያንገጫግጫል። መልስ ልትሰጥ አፏን ብትከፍት ድምፅዋም አብሮ ተርገፈገፈ። የክለቡ ልጆች ክፍሉን ወፍጮ ቤት ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሙቢና የዲክሲስ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሰላ ክለብ ገብታ መሰናክል ትሮጣለች። መገጣጠሚያዋ ከተፈጥሮዋ ልል ነው። የሰው ጉልበት ቀጥ ሲል ይቆማል፤ የእሷ ወደ ኋላ ያልፋል። አሰልጣኝ መርሻ ይህን እንደ ጸጋ ቆጥሮት አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር "ኑ፣ ላስቲኳን እዩ" እያለ ሰልፍ ፊት ያጣጥፋት ነበር። እሷም ደስ ይላት ነበር። በሩጫ የሚቀድሟት አሉ፤ በመተጣጠፍ ግን አጠገቧ የሚደርስ የለም።

ክረምት ላይ መሰናክል ዘላ ስታርፍ ቁርጭምጭሚቷ እንደገና ዞረባት። ያኔ ነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናዝሬት ነገሩን ገልብጣ ያየችው። ጅማቷ መገጣጠሚያዋን ስለማይይዝ ጡንቻዋ መያዝ ይልመድ ብላ መተጣጠፉን አስቆመች፤ በምትኩ ማሽኑ ላይ አቆመቻት። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጡንቻ ሳይወድ በግዱ ይይዛል።

"በቃሽ፣ ውረጂ" አለች ናዝሬት ማሽኑን እያጠፋች። "ጡንቻሽ መያዝ ጀምሯል። ጀመረ አልኩ እንጂ ጨረሰ አላልኩም። ነገ መራጮቹ ፊት ጉልበትሽን እንዳትለቂው።"

"እሺ ሲስተር።"

በማግስቱ ጠዋት ለብሔራዊው የወጣቶች ካምፕ ልጅ የሚመርጡ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሩጫው አልቆ ልጆቹ ላባቸውን ሲጠርጉ መርሻ ሙቢናን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት።

"ኢንተላ ኮ" አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። መርሻ ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲለማመጥ በኦሮምኛ ነው። ሙቢና ነገር እንዳለ ገባት።

"ምነው ጋሼ?"

"አራተኛ ነሽ። የሚወስዱት ሦስት ልጅ ነው። የቀረው መተጣጠፍ ብቻ ነው፤ እንደ ድሮሽ ከወረድሽ ነጥቡ ያስገባሻል።"

"ሲስተር ናዝሬት ከልክላኛለች እኮ።"

"ልክ ናት። ከነገ ጀምሮ እሷ ያለችሽን አድርጊ። የዛሬን ብቻ ነው የምልሽ።"

"ዛሬ ጉዳት ቢደርስብኝስ?"

መርሻ የፊሽካውን ገመድ በጣቱ ጠቀለለ። "አባትሽ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር" አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከክለቡ ልጅ ከተመረጠ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም መሰልቸት ጀምሮታል። የሙቢና አባት ቱሳ ደግሞ ልጁ እንደምትመረጥ ለዲክሲስ ገበያተኛ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

ተራዋ ደረሰ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች። ከወንበሩ ጠርዝ ወደ ታች ማስመሪያ ተለጥፏል።

"እግር ቀጥ፣ እጅ ወደ ታች፣ የቻልሽውን ያህል" አሉ መነጽር ያደረጉት ሴት መራጭ።

ሙቢና አጎነበሰች። ጣቶቿ የእግሯን ጣቶች ነክተው ትንሽ አለፉ። እዚያ ላይ የጭኗ ጡንቻ ያዛት። ጉልበቷን ወደ ኋላ ብትለቀው መዳፏ ማስመሪያውን አልፎ እንደሚወርድ ታውቃለች። ከኋላ አንዱ "ላስቲኳ፣ ምን ነካሽ?" አለ፤ ልጆቹ ሳቁ። ልልቀቀው ብላ ከልቧ ተመኘች። ካምፑንም፣ የአባቷን ደስታም፣ እንደ ድሮው በአድናቆት መታየትንም ፈለገች። ጉልበቷ ሊያልፍ ሲል ተሰማትና ፈራች።

ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ጨረስሽ?" አሉ መራጯ።

"ጨርሻለሁ።"

"አሰልጣኝሽ ሌላ ነው የነገሩኝ። ይሄ እኮ ከሌሎቹም ያነሰ ነው።" ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። "አንድ ሙከራ ይቀርሻል፤ ተረጋግተሽ ድገሚው።"

ሙቢና ወደ መርሻ አየች። በእጁ ወደ ታች እያመለከታት ነበር።

"አልደግምም፤ ያሁኑ ይጻፍልኝ" አለችና ከወንበሩ ወረደች።