ለሬንዳ የተሠራው ጠመንጃ

ባሌ አርቪል ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከጓሮው ዛኒጋባ አይወጣም። እኛ የቴነሲ ተራራ ሰዎች ከአያቶቻችን የወረስነውን፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ረጅም ጠመንጃ ይሠራል። እንጨቱን ይጠርባል፣ ሰደፉን በተልባ ዘይት ደጋግሞ ያሻል፣ በርሜሉን ሆን ብሎ አዝጎ ቡናማ ያደርገዋል። እኔን እንዲህ አሽተኸኝ አታውቅም ስለው ይስቃል።

ዘንድሮ ግን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ የወንድሙን ስም። ስምስ ይረሳ፤ ስም የተረሳበት ሰው አይሞትም። ጠመንጃ ማጉረሱን የረሳ ግን ሰው ይገድላል። ባሩድ በባሩድ ላይ ከተደረበ በርሜሉ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዛኒጋባውን ብነጥቀው ምን ይቀርለታል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃችን ሬንዳ አባቷ የሠራላትን አዲስ ጠመንጃ ይዛ ወደ ተኩስ ውድድሩ ሄደች። ሽልማቱ የተጨሰ የአሳማ ጭን ነው፤ እሷ ግን የምትፈልገው ወንዶቹን ማሳፈር ነበር። አርቪል ጉልበቱን ስላመመው ቀረ።

ቁርሱን ይዤለት ስገባ አንድ አሮጌ ጠመንጃ እያጎረሰ ነበር። ባሩዱን ጨመረ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን እርሳስ በዘንግ ገፋ፣ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈ። መነጽሩን ወለወለ። ከዚያ ያንኑ ጠመንጃ አነሳና ባሩድ የሚይዝበትን ቀንድ ከፈተ።

«አንተ ሰውዬ! ምን እያረግክ ነው?»

«ላጎርስ ነዋ። ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?»

«አሁን አጎረስከው እኮ!»

«ኧረ ኦሊታ፣ በጠዋቱ አትነዝንዢኝ። ባዶ ነው።»

ዘንጉን ነጥቄ በአፈሙዙ ከተትኩት። ባዶ በርሜል ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። አንዴ የጎረሰ ሁለት ጣት ያህል ከአፈሙዙ ውጭ ያስቀረዋል። አሁን አራት ጣት ቀረ። እኔ ሲያጎርስ ያየሁት ደግሞ አንዴ ብቻ ነው።

አርቪል ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። በአርባ ዓመት ትዳር ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላኝ።

«ኦሊታ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የሬንዳንም ትናንት ለሙከራ አጉርሼው ነበር።»

«ተኮስከው?»

«እንጃ...» እጆቹን አገላብጦ አየ። «አንቺ እዚሁ ጓሮ አልነበርሽም? ተኩስ ሰማሽ?»

ቀኑን ሙሉ ልብስ ሳጥብና ሳሰጣ ነው የዋልኩት። ከጎረቤት ውሻ በቀር የሰማሁት ድምፅ የለም።

ጠዋት ሬንዳ እንደ ደንቡ ዘንግ ከታ ልትለካው ስትል፣ አርቪል «ደግሞ የአባትሽን ሥራ ልትፈትሺ?» ብሎ አሾፈባት። ተወችው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም፤ ተኳሾቹ ስልካቸውን መኪና ውስጥ ትተው ነው የሚሰለፉት። ውድድሩ የሚጀምረው በአራት ሰዓት ነው። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። በመኪና ከሄድኩ እደርሳለሁ።

«ተነስ አርቪል! ቁልፉን የት አደረግከው?»

ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

«የምን ቁልፍ?»