ስድስተኛው ጥያቄ

"ጎበዝ፣ ይበቃናል" አለ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ሃሲብ፣ ፋይሉን እየዘጋ።

"እኔን አልበቃኝም" አለች ከጎኑ ለፈታኝነት የተቀመጠችው ሙርሺዳ።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ኦሊዩር ለናራያንጋንጅ ከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊነት ሊወዳደር የመጣ ነው። ገዢ የመለሰውን አራት ቶን ሰማያዊ ጨርቅ እንደገና አቅልሞ እንዴት እንዳዳነው ሲተርክ ምላሱ ቅቤ ነበር። ሙርሺዳን አላወቃትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያንኑ ጨርቅ አበላሸች ብሎ ያስባረራት የማሽን ሠራተኛ መነጽር አድርጋ ልትፈትነው ትቀመጣለች ብሎ ማን ያስባል? እሷ ግን ገና በሩ ላይ በድምፁ ለይታዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቀጥራት አጥታለች፤ አባቷም ጥፋቱ የእሷ መሆኑን አምኖ ነው የሞተው። ይህን ይቅር የምትልበት አንጀት አልነበራትም።

"ቀለሙ በምን ተበላሸ?"

"አንዲት ሠራተኛ የቀለሙን መጠን አሳስታ ነው፣ ማዳም።"

"መጠኑን የሚመዝነው ማነው?"

"እ... መዛኞቹ ናቸው።"

"ታዲያ እሷ ምኑን አሳሳተች?"

ኦሊዩር ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ቆየ እኮ፣ ማዳም።"

"ናሙናውን አይቶ ይለፍ ያለውስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ረመዳን ነበር፤ ለማፍጠሪያ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር።"

"ሲያዩት እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?"

እርጥብ ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ግን ይፈዛል፤ ናሙናውን በካውያ ሳያደርቅ የሚያሳልፍ አቅላሚ የለም። ይህን ሃሲብ እንኳ ያውቀዋል። ኦሊዩር ቀና ብሎ ፊቷን አሁን ገና በደንብ አየው።

"አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እዚህ ማዳም ነኝ። ጥያቄውን ይመልሱ።"

"እርጥብ ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ርቦኝ ነበር፤ ቸኮልኩ።"

ደስታው እስከ ጣቷ ጫፍ ወረራት፤ አላፈረችበትም። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችለት።

"አሁን ያሉትን ይጻፉልኝ። ስሜን ከነአባቴ ያስገቡና ይፈርሙበት።"

ጽፎ ፈረመ። "ሥራውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"እንደውልልዎታለን።"

በሩ እንደተዘጋ እንደ ታላቅ እህት "አፓ" እያለ የሚጠራት ሃሲብ ወደ እሷ ዞረ። "አመነ እኮ፣ አፓ። ሙያውንም ያውቃል። እንቅጠረው እንጂ።"

"ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ነው ያመነው" አለችና ስልክ ቁጥሩን ሰረዘችው።