ዘንዶ ያለበት ምላጭ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በኩበር ፒዲ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም የምትኖር፣ ኦፓል የተባለውን ዕንቁ ያገኘህም ስትቆፍር ያረጀህም፣ እሑድ ጠዋት የፓንዴሊስ የአራት ቀን ጺም በሚዜው በስትራቶስ እጅ ይላጫል። ቫዮሊን አለ፤ ኡዞ አረቄ አለ። ገንዘብ መወርወር ግዴታ ነው፤ ምክር መወርወር ክልክል ነው።

አዋጁን ጽፎ በመጠጥ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው ራሱ ሙሽራው ነበር። ስትራቶስ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። የማዕድን ጉድጓድ ሲናድ እንኳ እንዲህ አያስደነግጥም፤ ከዚያስ ሮጦ መውጣት ይቻላል።

አፉ ነው ጉድ ያደረገው። አንድ ሞቅ ያለው ምሽት ላይ፣ «አያቴ በደሴታችን ያልላጩት ሙሽራ አልነበረም፤ እጃቸውን የወረስኩት እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። እርግጥ አያቱ መላጨት ያውቁ ነበር። በግ።

በደሴታቸው ልማድ ሙሽራን በሠርጉ ጠዋት፣ ዘመድ አዝማድ እያየ፣ በታጣፊ ምላጭ የሚላጨው ሚዜው ነው። ሚዜ ማለት ደግሞ የአንድ ቀን ሱፍ ለባሽ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ልጅ ክርስትና አንስቶ እስከ መቃብር ዘመድ ይሆናል። ስትራቶስ በዚያ ቀይ ምድረ በዳ ዘመድ የሚለው አንድ ሰው አልነበረውም። በፋሲካ አብሮት ቀይ እንቁላል የሚያጋጭ ሰው ስለሌለ ቀኝ እጁን ከግራ እጁ ያጋጥማል፤ አሸናፊውንም ተሸናፊውንም ራሱ ይበላል። ስለዚህ «አልችልም» ማለት አይሆንለትም።

ደግሞም ቴዎዶሲስ አለ። የሙሽራይቱ አጎት ልጅ ነው፤ አደሌይድ ከተማ የሚሽከረከር ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሽቶውን ከፊት እያስቀደመ፣ «ሚዜው ካቃተው እኔ አለሁ» እያለ በየቤቱ ይዞራል። የሙሽራው እናት እትዬ ፎቲኒም፣ «የላጨ ነው ሚዜ የሚሆነው» ብለው ፈርደዋል።

ስትራቶስ በኪሱ የቀረችውን ገንዘብ ጨብጦ ወደ ኮራል የአሮጌ ዕቃ መደብር ወረደ። ኮራል አፏ የማይሰነፍ የአገሩ ተወላጅ ባልቴት ናት።

«ታጣፊ ምላጭ ፈልጌ ነበር። ርካሹን።»

«ርካሽ ታጣፊ ምላጭ ከርካሽ ፓራሹት አይሻልም፣ የኔ ጌታ» አለችና ሁለት ምላጮች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

አንዱ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ዝገት የነካካው አሮጌ የጀርመን ምላጭ ነው። ሌላው አዲስ ነው፤ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ብረቱ ላይ ምላሱን ያወጣ ዘንዶ ተቀርጾበታል። ዋጋቸው እኩል ነው። የስትራቶስ ገንዘብ አንዱን እንጂ ሁለቱን አይገዛም።

«ይሄ የጀርመኑ ብረቱ ብረት ነው» አለች ኮራል። «ስለቱ ግን ዶልዱሟል። ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ የሚስለው ትዕግሥተኛ ሰው ይፈልጋል።»

«እኔ ለእሑድ ነው የምፈልገው። ያኛውስ?»

«ያኛው ዘንዶ አለው።»

«ይላጫል ወይ?»

«ዘንዶ አለው አልኩህ እኮ!»

ስትራቶስ የጀርመኑን አነሳው፤ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሳው። ዝገቱን ሲያይ የእትዬ ፎቲኒ ፊት ታየው። በሕዝብ መሀል ይህን ይዞ ቢቆም፣ ከመላጨቱ በፊት «ልጄን በቴታነስ ሊገድለው ነው!» ብለው እንደሚጮኹ አልተጠራጠረም። ዘንዶውን ገዛ።

ቤቱ ገብቶ ክንዱ ላይ ሞከረው። አንዲት ፀጉር አልቆረጠም። ጉንጩን አረፋ ቀብቶ ሞከረ፤ ምላጩ ጺሙን ትቶ እንባውን አወረደው። ለካ የሚያብለጨልጭ ሁሉ የተሳለ አይደለም።

ያኔ እንደ ኩበር ፒዲ ሰው አሰበ። እዚያ አገር የደነዘዘ ነገር ሁሉ፣ ድንጋይም ይሁን ተስፋ፣ መድኃኒቱ የኦፓል ማለስለሻው መኪና ነው። መዘውሩን አስነስቶ ስለቱን ደገነበት። ፍንጣሪው ጨለማውን ዋሻ ቤቱን አደመቀው፤ ስትራቶስም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ብረቱ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ሄደ፤ በመጨረሻ ግሩም ሰማያዊ ሆነ። ኦፓል ላይ ያ ሰማያዊ ቢታይ ጎረቤት ተጠርቶ ይጨፈር ነበር። ምላጭ ላይ ግን ብረቱ ተቃጠለ ማለት ነው። በጣቱ ሲነካው ስለቱ እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀት ተጠቀለለ።

ቅዳሜ ጠዋት እየሮጠ ኮራል ዘንድ ተመለሰ።

«የጀርመኑን ስጪኝ! በኋላ እከፍልሻለሁ፤ ከፈለግሽ ጉድጓድ እቆፍርልሻለሁ!»

«ተሸጠ። ያ ሽቶ የሚሸተው ወሰደው፤ ለማስታወሻ ነው ብሎ።»

ቴዎዶሲስን መጠጥ ቤቱ በር ላይ፣ አዋጁ ሥር ተደግፎ አገኘው።

«ወንድሜ ስትራቶስ! ምነው፣ ፊትህ ላይ ድመት ተጣልታለች እንዴ?»

«አንድ ምላጭ አውሰኝ። ለነገ ብቻ።»

«ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አይዋስም። እኔው ልላጨውና አንተ ፎጣ ያዝ። ፎጣ መያዝ እኮ ትልቅ ኃላፊነት ነው፤ አያትህም ፎጣ የሚይዝላቸው ሰው አይጠፋም ነበር።»

ስትራቶስ ትቶት ዞረ። ለፓንዴሊስ እውነቱን ሊነግር ሄደ። ሙሽራው ወንበር እየደረደረ ነበር፤ ሲያየው አንገቱን አቅፎ፣ «ሰው ሁሉ ቴዎዶሲስ ይላጭህ ይለኛል፤ ጉሮሮዬን ለማንም አልሰጥም አልኳቸው» አለው። ስትራቶስ እውነቱን ትቶ ወንበር ማቀበል ጀመረ።

እሑድ የሙሽራው ቤት ሞላ። ቫዮሊኑ አለቀሰ፤ ሴቶቹ ዘፈኑ። ፓንዴሊስ ነጭ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ስትራቶስ አረፋውን ቀባው፤ ጊዜ ለማራዘም ደጋግሞ፣ እስከ ዓይኑ ሥር ድረስ ቀባው። «ልጁን ልትላጭ ነው ወይስ ልትጋግር?» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሳቁ ሲያልቅ የቀረ ሰበብ አልነበረም።

ባለ ዘንዶውን ምላጭ ከጆሮው ሥር አሳርፎ ሳብ አደረገው። የተጠቀለለው ስለት ጺሙን ያዘ። ፓንዴሊስ ዘለለ፤ በነጩ አረፋ ላይ አንድ ቀይ ጠብታ ወጣች።

«ልጄን!» አሉ እትዬ ፎቲኒ።

ቴዎዶሲስ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

ስትራቶስ ጠብታዋን አየ። የሚጠጋበት ቤት፣ ክርስትና የሚያነሳው ልጅ፣ እንቁላል የሚያጋጭለት እጅ፣ ሁሉም በዚያ ጠብታ ውስጥ ሲሰጥም ታየው። ከዚያ ጣቶቹ ሳያማክሩት ምላጩን ገለበጡት። በድፍኑ ጀርባው አረፋውን ጠረገው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

ፓንዴሊስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ምላጩን አየ፤ ላብ ያሰጠመውን የሚዜውን ፊት አየ። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና አገጩን ቀና አደረገለት።

አረፋው አለቀ። ዶላር ዘነበ፤ ቫዮሊኑ ጨፈረ። ስትራቶስ የፓንዴሊስን ፊት በፎጣው ሸፍኖ ሊያወጣው ሲል ቴዎዶሲስ ደርሶ ፎጣውን ገፈፈና የሙሽራውን ጉንጭ በመዳፉ ፈተገው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው የጺሙ ድምፅ እስከ በር ተሰማ።

«ይሄ ሰው አልተላጨም! በጀርባው ነው የጠረገው! ኑ እዩ!»

ቫዮሊኑ ቆመ። እትዬ ፎቲኒ መጥተው ነኩት፤ እጃቸውን እንደተወጋ ሰው መለሱ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ስትራቶስ?»

ፓንዴሊስ ከወንበሩ ተነስቶ የስትራቶስን ትከሻ አቀፈ።

«በጀርባው አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ? ለምን ተብሎ?»

«እንዲሁ።»

«ቄሱ እየጠበቁ፣ ሙሽራዪቱ እየጠበቀች፣ እንደ ጃርት ሆነህ! ለምን እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ?»

«አልናገርም፣ እማዬ። ሚዜዬ ግን ስትራቶስ ነው።»