የማለዳ አክታ

በ2002 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ስመረቅ ዲግሪዬን አልሰጡኝም፤ መጀመሪያ አንድ ዓመት አገልግዪ ተባልኩ። ዕጣ አወጣሁ፤ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለችው ጌጫ ደረሰችኝ። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ያለፈውን ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪፕቶ እሰርዝ ጀመር።

ዝናቡ አያቆምም። በጤና ጣቢያው ያለሁት የላቦራቶሪ ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ የሚያናግረኝ ሰው አከራዬ እትዬ የሺሃረግ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ክፍላችንን በሚለየው የጭቃ ግድግዳ በኩል።

"ተኛሽ?" ይላሉ።

"ተኛሁ።"

"የተኛ ሰው መች ያወራል!" ብለው ይስቃሉ፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል።

ሳሉ ወር ሲያልፈው ይመርመሩ አልኳቸው። የቲቢ ምርመራ ሦስት ጊዜ አክታ ይፈልጋል። የአክታ መያዣ ዕቃውን ሰጠኋቸው፤ ሞልተው አመጡ። ቀጭን፣ ንጹሕ ነገር ነበር። ምራቅ መሆኑ፣ የቲቢ ጀርም ደግሞ ከሳንባ በሚመጣ አክታ እንጂ በምራቅ እንደማይገኝ አልጠፋኝም። ግን በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ማይክሮስኮፕ ላይ አየሁት፤ ምንም የለም። "ኔጌቲቭ" ብዬ ጻፍኩ። ሦስቴም እንዲሁ። ስነግራቸው ደስ ብሏቸው የተቀቀለ ጎደሬ አመጡልኝ።

ሁለት ወር አለፈ። ሳሉ ሲብስ ጆሮዬን በሻሽ አስሬ መተኛት ጀመርኩ። አንድ ቀን ግን እጃቸውን ሲታጠቡ አየሁ፤ አንጓቸው ቀጥኖ የሕፃን አንጓ ሆኗል።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ አክታውን እንዴት ነበር ያወጡት?"

"አፌን በደንብ ተጉመጥምጬ ነዋ!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ንጹሑን ተፋሁልሽ። ምነው፣ ያን ዝልግልግ ላቅርብልሽ? ለእንግዳ አተላ ይቀርባል እንዴ? ያውም ለተማረ ሰው!"

በነጋታው ማለዳ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ አዲስ ዕቃ አስይዣቸው ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ዞር በይ።"

"አልዞርም።"

"ባለጌ!" አሉኝ። ቀጥሎ ሳል ያዛቸውና ከሥር የመጣውን ተፉ። በማይክሮስኮፑ ሳየው ቀያዮቹ ዘንጎች፣ የቲቢ ጀርሞቹ፣ እንደተበተነ ክብሪት ሞልተውታል።

መድኃኒት ጀመሩ፤ ግን ዘግይተው። ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወንድማቸው ወደ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ እዚያው አረፉ። የቀን መቁጠሪያው አምስት ወር ይቀረው ነበር። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። አንዳንዴ ማንም ሳይጠይቀኝ "ተኛሁ" እል ነበር።

ዲግሪዬን ከተቀበልኩ ስድስት ዓመት ሆነ። አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ነበር፤ አልሄድኩም። ሥራዬ ከሚዛን እየተነሣሁ የየጤና ጣቢያውን የአክታ ምርመራ መቆጣጠር ነው። ምራቅ ከሆነ መልሱ፣ ሰውየው ሲያወጣ ቆማችሁ እዩ እላለሁ። ባለሙያዎቹ አይወዱኝም። ባለፈው ሳምንት ከቴፒ ወጣ ብሎ ካለ ጤና ጣቢያ ስገባ፣ ጥበቡ የሚባለው ባለሙያ "የአክታ ዘበኛዋ መጣች" ሲል ሰማሁት።

መዝገቡን ገለጥኩ። አንዲት እናት፤ ሦስት ወር ሳል፤ ኔጌቲቭ።

"ሲያወጡ ቆመህ አይተሃል?"

"ኧረ እህቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ያሳፍራል እኮ።"

"ቤታቸው የት ነው?"

"ሩቅ ነው። ዝናቡንስ አታዪም?"

አዲስ ዕቃ ከመደርደሪያው አንሥቼ ወጣሁ። ባጃጁ ድልድዩ ጋ አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ዕቃውን ተቀብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተከተልኳቸው።

"ዞር በይ እንጂ፣ ልጄ።"

አልዞርኩም።